ለፊልም የተላኩ ሽማግሌዎች

ንፋስ መውጫ ውስጥ ፊልም ልንሠራ ነው ብዬ ስናገር የሳቀብኝ ሰው ብዛቱ! አብረውኝ የሚያስተምሩት መምህራን ሻይ ቤት ተሰብስበው «አክተሮችሽ እነማን ናቸው? የባጃጅ ሾፌሮች?» አሉኝ። አዎ፣ አንዱ የባጃጅ ሾፌር ነው፣ ምን ይሁን! እኔ ደግሞ ስናደድ ሥራ ይቀናኛል። በዚያው ሰሞን ድርሰቱን ጨረስኩና ሰርግ የሚቀርጸውን የቪዲዮ ቤት ባለቤት «ካሜራህን አውጣ» አልኩት። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነበር፤ በጾም ሰርግ የለም፣ ሰርግ ከሌለ ደግሞ እሱ ሥራ ፈት ነው። ዓይኑን ሳያሽ እሺ አለኝ።

ታሪኩ የአንድ ልብ ወለድ ደራሲ ነው። ኪራይ ቤት ውስጥ ብቻውን ይኖራል፤ ሰው ሴት አይቶ ይወዳል፣ እሱ ሴት ጽፎ ነው የሚወድ። የመጀመሪያዋን ይጽፋታል፣ ይወዳታል፣ ይቀናባታል፣ በመጨረሻ ይጣሉና ወረቀቱን ቀዶ ይጥለዋል። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋ ግን በእግሯ መጥታ በሩን ታንኳኳለች፤ የሰፈር ልጅ ናት፣ የእውነት። ሰውየው ከምናቡ ጋር ኖሮ ኖሮ «ይቺንስ ራሴ ጽፌያት ይሆን?» እያለ ይጠራጠራል። መኖሯን የሚያምነው ሽማግሌ ልኮ አባቷ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ብቻ ነው። የተጻፈች ሴት አባት የላትማ! ይህ ሐሳብ ሲመጣልኝ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ማንም ምን ቢለኝ አሁንም ጥሩ ሐሳብ ነው እላለሁ።

ደራሲውን ሆኖ የሚሠራውን ሰው ያገኘሁት ፋርማሲ ውስጥ ነው። ራሴን አሞኝ መድኃኒት ልገዛ ገባሁ፤ ባንኮኒው ጀርባ የቆመውን ልጅ ሳየው ራስ ምታቱ የት እንደገባ እንጃ። ቀጠን ያለ፣ ጺሙን ያልተላጨ፣ ሰው እያናገረ ሐሳቡ ሌላ ቦታ የሚሄድ። የስማዳ ልጅ ነው፤ ለሥራ ነው ንፋስ መውጫ የመጣው።

«ደራሲ ሆነህ ትሠራልኛለህ?» አልኩት፣ ሰላምታም ሳልጨርስ።

«በቀን ስንቴ ነው የሚወሰደው?» አለኝ።

አለቀልኝ! እዚያው ቆሜ ስስቅ ከኋላዬ ማዘዣ ይዘው የተሰለፉት ሰዎች ተቆጡኝ።

ልምምድ የምናደርገው ከሥራ በኋላ፣ በትምህርት ቤቱ ባዶ ክፍል ነበር። ያን ሰውዬ ሳለማምደው ቆይቼ አንድ ነገር ገባኝ፦ ለተጻፉት ሁለት ሴቶች የሚናገረውን ፍቅር ስሰማ እቀና ጀመር። በራሴ እጅ የጻፍኳቸው ሴቶች እኮ ናቸው! ቃላቸው የኔ ቃል ነው! «እንዲህ አትበላት፣ ትንሽ ቀዝቀዝ በል» እያልኩ አርመዋለሁ፤ ካሜራማኑ ደግሞ ጥግ ተቀምጦ በእጁ አፉን ይሸፍናል። ለካ ከኔ በቀር ሁሉም አውቆታል።

አንድ ምሽት ከልምምድ ስንመለስ፣ የከተማችን ንፋስ ነጠላዬን ከትከሻዬ እየነጠቀኝ፣ እሱ በድንገት ቆመ።

«ፊልሙ ይለቅና ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ።

«ለማን?»

«ለአባትሽ ነዋ! ለማን ልላክ?»

ኧረ እኔ ምን ልበላችሁ! «እሺ» ማለት እንኳ አቅቶኝ በረርኩ፤ በእውነት፣ አስፋልቱን ይዤ ሮጥኩ። የቤት አከራዬ በር ላይ አግኝተውኝ «ምን ነካሽ፣ ውሻ አባረረሽ?» አሉኝ። አቅፌ ሳምኳቸው። ግራ ገባቸው።

አንድ ጭንቀት ብቻ ነበረኝ፤ አባቴ። አባቴ አርብ ገበያ ዳር የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ ሲወዱ ነፍሳቸውን ይሰጣሉ፣ ሲጠሉ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ከዚህ በፊት የመጣልኝን አንዱን «አረማመዱ ደስ አላለኝም» ብለው መልሰውታል። አረማመዱ! ልጁን እኔም ያን ያህል አልፈለግኩትም ነበርና ያኔ ሳቅን። አሁን ግን ሳቅ የለም። ይህኛውን እምቢ ካሉ ሞቼ ነው የምገኝ።

እና አንድ ዘዴ መጣልኝ። ዘዴዬን ሳስበው እስካሁን ፊቴ ይቀላል፤ ያኔ ግን ከኔ በላይ ብልጥ በጋይንት ምድር ያለ አልመሰለኝም። በፊልሙ ላይ የልጅቷን አባት ራሳቸው አባቴ ይሥሩት! ሽማግሌዎቹም የውነት ሽማግሌዎች ይሁኑ፤ ከፋሲካ በኋላ ቢላኩ አባቴ የማይገፏቸው፣ የሚያከብሯቸው ሰዎች። ልጅቷን እኔው እሠራታለሁ፤ መቼም ለዚያ ትዕይንት ሴት ልጁን የሚሰጠኝ ወላጅ አልተገኘም። የጠየቅኳቸው ሁሉ «ልጄን በካሜራ ፊት ሽማግሌ ተልኮባት፣ ነገ የውነቱ ሲመጣ ምን ሊባል ነው?» አሉኝ። እንግዲህ አባቴ ልጁን ያዩታል፣ ይለምዱታል፣ አንድ ጊዜ በፊልም «ሰጥቻለሁ» ካሉ ሁለተኛው አይከብዳቸውም። እንዲህ ነበር ሒሳቤ።

አባቴን ማሳመን ቀላል አልነበረም።

«እኔ ውሸት አልናገርም» አሉኝ።

«ውሸት አይደለም፣ ፊልም ነው አባዬ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ፊልም ሲሆን እውነት አለመሆኑን የሚያየው ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ሁሉም ካወቀ ታዲያ እኔ ማንን ላታልል ነው የምለፋው?»

ክርክሩን ተውኩት። በኋላ ጎረቤት ሁሉ በስልኩ ያይዎታል አልኳቸው፤ በማግስቱ ነጭ ጋቢያቸውን እንዲታጠብ እንደሰጡ ሰማሁና ነገሩ ማለቁን አወቅኩ።

የቀረጻው ዕለት ሐሙስ ነበር፤ በማግስቱ ገበያ ስለሆነ አርብ ገበያ ላይ ጫጫታ ሳይመጣ እንጨርስ ብለን። ከንፋስ መውጫ ሚኒባስ ተኮናትረን፣ ካሜራውን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ መንገዱን ሙሉ እየዘፈንን ሄድን። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ እግሮቹን ብቻ ያያል። «ፈራህ?» ስለው «አባትሽ አረማመዴን ቢጠሉትስ?» አለኝ። ለካ ያን ታሪክ ነግሬው ኖሯል! ከሚኒባሱ ሲወርድ እንደ ሙሽራ እየተጠነቀቀ ነው የተራመደ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የሰፈሩ ቄስ፣ ከአባቴ ጋር በወንፈል የሚያርሱ ጎረቤታችን፣ እና የአርብ ገበያው ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ። ነጋዴው በአካባቢው የተጣላ በማስታረቅ የታወቁ ናቸው፤ እሳቸው ከሌሉ ሽምግልና ሽምግልና አይመስልም። ካሜራማኑ «አክሽን!» ብሎ ጮኸ። ሦስቱ በሩ ላይ ቆሙ። አባቴ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄሱ። እኔ ጓዳ በር ላይ በነጠላ ተሸፍኜ ሳያቸው ደነቀኝ። ማንም ያለማመዳቸው የለም እኮ! ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩት የኖሩት ነገር ነው። አባቴም አገጫቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ሲያስፈልግ ዝም ብለው፣ ዝምታው ራሱ ንግግር እስኪሆን። ካሜራማኑ በአውራ ጣቱ «አንደኛ!» አለኝ።

ከዚያ የኔን ቃል ተናገሩ፦ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?»

ቄሱ እኔ የጻፍኩላቸውን የፈጠራ ዘር መናገር ነበረባቸው። ዝም አሉ። ጠበቅን። መስቀላቸውን ጨበጡ።

«አባ፣ ረሱት እንዴ?» አልኩ ከጓዳ።

«አልረሳሁም ልጄ። መስቀል ይዤ፣ በጾም፣ ያልተወለደ ሰው ወለደ አልልም።»

አባቴ ይህን ሲሰሙ ልብ አገኙ። «እኔስ ብሆን! የሌለ ዘር እንዴት ነው የምቆጥረው? ዘር ሳይቆጠር ደግሞ ልጅ አይሰጥም።»

ወይ ጣጣ! ፀሐይዋ እየሄደች ነው፣ ሚኒባሱ ደጅ ቆሟል፣ እነሱ ስለ ዘር ይከራከሩልኛል። ፊልም ነው፣ ፊልም ነው እያልኩ ብጮህ የሚሰማኝ የለም። በመጨረሻ ጨርቅ ነጋዴው እጃቸውን አነሡ።

«ምን ያስጨንቃችኋል? ልጁ ይኸው ቆሟል። የራሱን የውነት ዘር ይንገረንና እሱን እንበል። ማንም አይዋሽም፣ ሥራውም አይቆም።»

እሰይ! በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። አያችሁ፣ በዚህ በኩል አባቴ የልጁን ወገን ከፋሲካ በፊት ሊያውቁ ነው፤ ዕድሌ ራሱ ድርሰቱን እያረመልኝ መሰለኝ። «ይሁን! ይሁን!» አልኩ። የሚመጣውን ባውቅ ኖሮ እንዲህ ባልቸኮልኩ።

እሱ ወደ ቤት ገባ፤ እጁን ወደ ፊት አጣምሮ ቆመና ይቆጥር ጀመር። በአባቱ በኩል ጀመረ፤ አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞቱበት በዚያ በኩል ብዙ አያውቅም፣ ቶሎ አለቀ። በእናቱ በኩል ግን እናቱ በደንብ አስተምረውታል። እናቱን ጠራ፣ የእናቱን አባት ጠራ፣ የአያቱን እናት ጠራ፣ የእሳቸውንም እናት ጠራ። ቀጥሎ አምስተኛውን ሰው ሲጠራ አባቴ ከመደቡ ላይ ትንሽ ከፍ አሉ።

«ቆይ። እኒያ ሰው ግራ እግራቸውን ያነክሱ ነበር?»

«እንደዚያ ይባላል።»

«ድጓ ሊማሩ ከስማዳ ወደዚህ ወደ ጋይንቷ ቤተ ልሔም የመጡት?»

«አዎ። ሚስታቸውን ነፍሰ ጡር ትተው መጥተው በዚያው ቀሩ ነው የሚባለው። የተወለደችው ሴት ናት፤ እኛ የእሷ ነን።»

አባቴ ተነሡ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ላይ ሲወድቅ እንኳ አላነሡትም።

«እዚህ ያገቡት የኔን ቅድመ አያት ነው» አሉ። «ሲሞቱ 'ስማዳ የቀረ ልጅ አለኝ፣ ፈልጉልኝ' ብለው ነው የሞቱት። አያቴ ፈልገው አጡ። አባቴ እስቴ ድረስ ሄደው ጠይቀው አጡ። ለኔም አደራ ብለውኝ ነው የሞቱት።» ከዚያ ልጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ሥጋዬ! ሥጋዬ ነህ እኮ!»

አባቴን ሲያለቅሱ ያን ቀን አየሁ። እናቴ በሞተች ጊዜ እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሱ ሰውዬ ትከሻው ላይ ራሳቸውን ጥለው ተንሰቀሰቁ። ቄሱ «ተመስገን!» አሉ። ጎረቤታችን በጣታቸው ይቆጥሩ ነበርና «በእሷ አራት፣ በእሱ አምስት! ሰባት ቤት መች ደረሰና፣ እህትና ወንድም ናቸው!» ብለው ጮኹ። ቄሱም እየሳቁ ወደኔ ዞሩ። «እንግዲህ ልጄ ፊልምሽ ተበላሸ! እህት ለወንድም አትዳርም።» ጨርቅ ነጋዴው «እኛ ዘንድ ቢሆን ኒካሑ ዛሬውኑ ይታሰር ነበር» ብለው ቀለዱና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም ሳቀ። ለእነሱ የተበላሸው ፊልም ነው፤ የተገኘው ግን ሲፈለግ የኖረ ዘመድ።

እኔ ጓዳ በሩ ላይ ነጠላዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። እሱ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኖ አየኝ። የዚያን ጊዜ አስተያየቱን እንዲህ ነው ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ አልጽፈውም።

ከዚያ ንዴቱ መጣ! በማን ልናደድ? በአባቴ? በቄሱ? የተናደድኩት በቅድመ አያቴ አባት ነው። አንድ ተማሪ ድጓ ሊማር መጥቶ ድጓውን ብቻ ተምሮ ወደ ሚስቱ ቢመለስ ምን ነበረበት? እኔ ደራሲው በምናቡ ሁለት ሴት ወደደ ብዬ ስጽፍ ስንት ሰው «አበዛሽው» ብሎኛል! እኒህ ሰውዬ በምናብ ቢወዱ ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር። ደግሞ እሳቸው ባይቀሩ እኔ አልወለድም፤ ይህን ሳስበው ይብስ ተናደድኩ።

ጾሙን ሊፈቱ ሰዎቹ ሽሮ ሲቀርብላቸው ከገለባው ክምር ኋላ ሄጄ ቆምኩ። ተከትሎኝ መጣ።

«አዲስ አበባ ሄደን ማዘጋጃ ቤት እንፈርም» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ እሱ አይደለም። «ማን ዘር ይቆጥርብናል እዚያ?»

ከክምሩ ገለባ መዝዞ ሰበረ።

«አባትሽን አየሻቸው?»

«አየኋቸው።»

«እኔ አባት አላውቅም። አጎትም የለኝ። በሕይወቴ 'ሥጋዬ' ያለኝ ሰው የለም።» ወደ ቤቱ ጠቆመ። «አሁን ገብቼ 'የለም፣ ሥጋዎ አይደለሁም፣ ልጅዎን ነው የምፈልገው' ልበላቸው?»

በላቸው ልለው ነበር። አፌን ስከፍት ግን አባቴ ከቤት ወጥተው «ልጄ የት ሄደ? እህሉ ቀዘቀዘ!» እያሉ ተጣሩ። የሚጣሩት እኔን አልነበረም። እሱም «አቤት!» ብሎ ሄደ። አረማመዱን አየሁ፤ እየሮጠ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ካሜራማኑ ደወለልኝ። «ነይና እዪ» ብቻ አለኝ። ቪዲዮ ቤቱ ስገባ ኮምፒውተሩ ላይ ያ ቀን ይታያል። ካሜራውን አላጠፋውም ነበር! የአባቴ ጋቢ ሲወድቅ፣ የጎረቤታችን ጣቶች፣ የሁለታችን ፊት፣ ሁሉም አለ። «ይህማ እንዳለ ነው የሚገባው!» አለ። ልመታው እጄን አነሣሁ። ከዚያ ግን ደግሜ አየሁት። ሦስተኛ ጊዜም አየሁት። ብጽፈው ይህን ያህል አልጽፈውም። ደራሲው የተጻፉትን ሴቶች ማንም አይከለክለውም፤ የምትኖረዋን፣ አባት ያላትን፣ እሷን ግን ባላት አባት ምክንያት ያጣታል። ኧረ ፊልሙ ይህ ነው! እያለቀስኩ በደስታ ዘለልኩ፤ ካሜራማኑ የትኛውን እንደሚያጽናና ጠፋው። በዚያው ሌሊት የመጨረሻውን ክፍል እንደገና ጻፍኩ። ልቤ ተሰብሮ ብዕሬ እንደዚያ የሮጠበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አሳየነው። ሰው ከበሩ ውጭ ሁሉ ሞልቶ ነበር፤ መብራት እንዳይሄድብን ጄኔሬተር ተከራይተናል። አባቴ ለፋሲካ በግ አርደው የጠሩትን ዘመዳቸውን ይዘው መጡ፤ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ክንዱን እንደያዙ። የተጻፉት ሴቶች ሲቀደዱ ሰው ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ሲቆሙ እልልታ ተሰማ። ዘሩ ተቆጥሮ ጎረቤታችን «እህትና ወንድም ናቸው!» ሲሉ አንዲት ሴት «ውይ!» ብላ ጮኸች። ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች «ፊቷን አየሽው? እንዴት አድርጋ ነው እንዲህ የምትተውን?» ተባባሉ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ከሐዘኑ ደስታው ይበልጥብኝ ነበር ብል አልዋሸሁም። የሠራነው ሥራ ነው! እዚህ፣ በእኛ አፍ፣ በእኛ ሽማግሌዎች!

ሲያልቅ ሰው ግልብጥ ብሎ ደጅ ወጣ። የማላውቃቸው ሁሉ እየሳሙኝ «ይህን ሐሳብ ከየት አመጣሽው? ምናብሽስ!» ይሉኛል። እሱ ከኔ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ወጣቶች ከበውት በስልክ ይቀርጹታል። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ድርሰቱ የማን ነው?» አለው።

በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግሮ ፈለገኝና አገኘኝ።

«የእህቴ» አለ።

ጥርት ባለ ድምፅ፣ ኮራ ብሎ፣ አንዲት ፊደል ሳይሰናከልበት። ተለማምዷት ነበር የመጣው። በልምምዱ ክፍል ያን ሁሉ ጊዜ አብሬው የቆየሁት እኔ ነኝና፣ አንዲት ቃል ስትከብደው ብቻውን ስንት ጊዜ ደጋግሞ እንደሚላት አውቃለሁ።